ዳላስ እንምጣ ወይስ እንቅር? ከዲሲ አካባቢ የሚደውሉልኝ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች

ሰላም ናችሁ? ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን ዳላስ፣ በትክክል ለመናገር ጋርላንድ፣ ከገባን ወዲህ ስልኬ አላረፈም። የሚደውለው ሰው ይለያያል እንጂ ጥያቄው ያው ነው፣ ስለዚ ለያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ሰአት ከማወራ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው። ሪልተር አይደለሁም፣ ሎንም አልሰራም፣ ማንም ቢመጣ ማንም ቢቀር ኮሚሽን የለኝም። የምጽፈው ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሆኖ ለሚያስበው ሰው ነው፣ ከሚኒሶታ ወይ ከሲያትል የምትመጡ ሂሳቡን ራሳችሁ ቀይሩት።

ሰው ሁሉ ዳላስ ዳላስ የሚለው ለምንድነው?

ቤትና ስራ፣ በቃ። የዳላስና የፎርት ዎርዝ አካባቢ ህዝብ በ2010 ወደ 6.4 ሚሊየን ነበር፣ በ2020 ቆጠራ 7.6 ሚሊየን ሆነ፣ አሁን 8 ሚሊየንን አልፏል። ቶዮታ በ2017 ዋና ቢሮውን ከካሊፎርኒያ ነቅሎ ፕሌኖ አመጣው፣ ቻርልስ ሽዋብ ዌስትሌክ ገባ፣ ካተርፒላር ደግሞ ከኢሊኖይ ወደ ኧርቪንግ። ትልልቆቹ ሲመጡ ሰራተኛ ይዘው ይመጣሉ፣ ያ ሰራተኛ ቤት ይፈልጋል፣ ልጁን የሚይዝለት ይፈልጋል፣ እቃውን የሚያመላልስለት ትራክ ይፈልጋል፣ እኛ የምንገባው እዛ ላይ ነው።

ሌላው መሬቱ ነው። ሜዳ ነው ወገን! ተራራ የለ ባህር የለ፣ ወደ ሰሜን ሲሞላ ወደ ምስራቅ ይዘረጋሉ። ግን ይሄም ልክ አለው። ፕሪንስተን የምትባል ከተማ አለች፣ ከማኪኒ ምስራቅ፣ ከ2023 እስከ 2024 ባለው አንድ አመት ከ30 ፐርሰንት በላይ አድጋ ከአሜሪካ አንደኛ ወጣች። በ2024 ሴፕቴምበር ላይ ከተማው ራሱ ውሃውም መንገዱም ፖሊሱም አልደረስንባችሁም ብሎ አዲስ የመኖሪያ ግንባታ ለጊዜው አቆመ። ጠዋት 380 ሃይዌይ ላይ ቆማችሁ እዩትና ይገባችኋል።

ቤቱ እውነት ያን ያህል ርካሽ ነው?

ከዲሲ አካባቢ ጋር ሲነጻጸር አዎ፣ ከድሮው ዳላስ ጋር ሲነጻጸር ግን አይደለም። 400 ሺህ አካባቢ ይዛችሁ አራት መኝታ፣ ሁለት መኪና ጋራዥና ልጆች የሚሮጡበት ጓሮ ያለው ቤት ታገኛላችሁ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ በዛ ብር ታውንሃውስ ከተገኘ ተመስገን ነው። ችግሩ ሰው የሚሰማው በ2021 የገባነውን ሰዎች ወሬ ነው። እኛ ስንገዛ ሬቱ፣ ማለትም የብድሩ ወለድ፣ 3 ፐርሰንት ገደማ ነበር። 380 ሺህ ብድር በ3 ፐርሰንት ለ30 አመት ወርሃዊው 1,600 ዶላር ገደማ ነው፣ ያው ብድር በ6.5 ሲሆን 2,400 ገደማ ይሆናል፣ ቤቱ ያው ቤት ነው! ስለዚ እባካችሁ የኔን ሞርጌጅ ጠይቃችሁ እንዳትወስኑ።

እና የቤቱን ዋጋ አትጠይቁ፣ ጠቅላላ በወር የሚወጣውን ጠይቁ፣ ማለትም ሞርጌጅ ሲደመር ፕሮፐርቲ ታክስ ሲደመር ኢንሹራንስ ሲደመር ኤችኦኤ (የሰፈሩ ማህበር ክፍያ)። ዳላስ ላይ ከሞርጌጁ ውጪ ያሉት ሶስቱ ናቸው ሰውን የሚያስለቅሱት።

ቴክሳስ ስቴት ታክስ የለም አይደል?

ከደሞዝ ላይ የሚቆረጠው የለም፣ በህገ መንግስታቸውም ጭምር ተከልክሏል። ግን ስቴቱ ትምህርት ቤቱንና ከተማውን ከየት ያምጣ? ከቤታችሁ። ፕሮፐርቲ ታክስ እንደ ቦታው ይለያያል፣ ብዙ ቦታ ከቤቱ ዋጋ 2 ፐርሰንት አካባቢ ነው፣ አንዳንድ አዲስ ሰፈር ከዛም ያልፋል።

ሂሳቡን ላሳያችሁ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ የሚኖር፣ በአመት 80 ሺህ የሚያገኝ ሰው ለስቴትና ለካውንቲ ተደምሮ ከ5 ሺህ ዶላር በላይ ይከፍላል። ዳላስ ሲመጣ ያ ኪሱ ይቀራል። 400 ሺህ የሚያወጣ ቤት ከገዛ ግን ፕሮፐርቲ ታክሱ 7 ወይ 8 ሺህ ይመጣበታል፣ እዛ ቢሆን ለተመሳሳይ ዋጋ 4 ሺህ አካባቢ ነበር። ስለዚ አንድ ሰው ብቻ የሚሰራበት ቤት ከስቴት ታክስ ያተረፈው አብዛኛው በዚ በኩል ይሄድበታል። ባልና ሚስት ሁለቱም ደህና ደሞዝ ካላቸው ግን ያዋጣል፣ ደሞዝ በጨመረ ቁጥር ደግሞ የበለጠ ያዋጣል። ገቢው ትንሽ ሆኖ ትልቅ ቤት የሚገዛ ሰው ነው የሚጎዳው፣ እኛ ሐበሾች ደግሞ ትልቅ ቤት ላይ እንዴት እንደሆንን የታወቀ ነው።

ሆምስቴድ ማስመዝገብ አትርሱ። የምትኖሩበት ቤት ከሆነ ለትምህርት ቤት ከሚሰላው ላይ 140 ሺህ ዶላር ተቀንሶ ነው የሚታሰበው (በ2023 ወደ 100 ሺህ ከፍ ብሎ ነበር፣ በ2025 ህዝቡ ድምጽ ሰጥቶ ወደ 140 አሳደገው)፣ ታክስ የሚሰላበት ዋጋም በአመት ከ10 ፐርሰንት በላይ እንዳይዘል ይከለክላል። ፎርሙ ነጻ ነው፣ ካውንቲው አፕሬይዛል ዲስትሪክት (የቤት ዋጋ የሚገምተው መስሪያ ቤት) ዌብሳይት ላይ ይሞላል። ብር ክፈሉንና እንሙላላችሁ የሚል ደብዳቤ ቢመጣላችሁ ቅደዱት። ቤታችሁን አስወድደው ሲገምቱት ደግሞ እስከ ሜይ 15 ፕሮቴስት ማድረግ ትችላላችሁ፣ እኔ በየአመቱ አደርጋለሁ፣ አንዳንዴ ይቀንሱልኛል አንዳንዴ አይቀንሱም፣ ስራ ግን አያስፈታም።

አዲስ ቤት ከቢልደር ልግዛ?

ቤቱ ያምራል፣ ሬትም ዝቅ አድርገው ያማልላሉ፣ እኔም ሁለት ሶስቴ አይቼ ልቤ ደንግጧል። ሁለት ነገር ግን እወቁ።

አንደኛ ከመፈረማችሁ በፊት ሙድ ወይ ፒአይዲ አለው ወይ በሉ። አዲስ ሰፈር ሲሰራ ውሃና ፍሳሽና መንገድ የተዘረጋበት ብድር በነዋሪው ላይ ለብዙ አመት የሚከፋፈልበት ነገር ነው፣ ታክሱን ወደ 3 ፐርሰንት ሊያስጠጋው ይችላል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሰፈሮች አንዱ ኖሮት አንዱ ላይኖረው ይችላል።

ሁለተኛው በሬ ሆይ የሚያስብለው ነው። ታክስ የሚገመተው ጃንዋሪ 1 ላይ ቦታው ላይ ባለው ነገር ነው። ጃንዋሪ 1 ላይ ቤቱ ካልተሰራ፣ ባዶ መሬት ከነበረ፣ የዛ አመት ቢል የሚመጣው በመሬቱ ብቻ ነው። ባንኩ በዛ ትንሽ ቢል ኢስክሮ (ለታክስና ለኢንሹራንስ ከሞርጌጁ ጋር በየወሩ የሚሰበስበውን) ያሰላል፣ ክፍያው ቅልል ይላል፣ እልልታ ነው። በሁለተኛው አመት ሙሉ ቤቱ ተገምቶ ይመጣል። ፎርኒ የገዛ ጓደኛዬ ወርሃዊ ክፍያው በአንድ ደብዳቤ ከ900 ዶላር በላይ ዘለለበት፣ ግማሹ ለአዲሱ ታክስ፣ ግማሹ ያለፈውን ጉድለት ለመሙላት። ብድሩን የሰራለት ሰውዬ አንድም ቃል አልነገረውም፣ ሲደውልለት ኖርማል ነው አለው። ኖርማልስ ኖርማል ነው፣ ግን ቀድሞ ቢነገረው በየወሩ እያስቀመጠ ይጠብቀው ነበር። ስለዚ ሎን ኦፊሰሩን ኢስክሮውን በሙሉ ቤቱ ዋጋ አስላልኝ በሉት።

የእቁብ ብሬን ዳውንፔይመንት ማድረግ እችላለሁ?

ትችላላችሁ ግን ቀድማችሁ ውሰዱት። ባንክ የሁለት ወር ስቴትመንት ያያል፣ ድንገት 20 ሺህ ዶላር ካሽ ከገባ ከየት መጣ ይላል፣ እቁብ ደረሰኝ ስትሉት ምን እንደሆነ አይገባውም፣ ዳኛው ደግሞ ወረቀት አይሰጥም። ሁለት ወር ሳይሞላው አካውንት ውስጥ የተቀመጠ ብር ነው ጥያቄ የሚያመጣው፣ ስለዚ ዕጣው የመጀመሪያዎቹ ላይ እንዲወጣላችሁ ዳኛውን ለምኑት።

ኡበርና ትራክ የምትነዱ ደግሞ ስሙኝ። ታክስ ላለመክፈል ወጪ ቆልላችሁ ገቢያችሁን 18 ሺህ ካስባላችሁት ባንኩ የሚያምነው ያንን 18 ሺህ ነው። ብዙውን ጊዜ የሁለት አመት ታክስ ይጠይቃሉ። ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው ከሁለት አመት በፊት ነው ከአካውንታንቱ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ያለበት።

ስራ ቶሎ ይገኛል?

እንደ ሙያው ነው። ነርስ ከሆናችሁ ቀላል ነው፣ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ቴክሳስም የነርሲንግ ኮምፓክት (አንዱ የሌላውን ላይሰንስ የሚቀበልበት የስቴቶች ስምምነት) ውስጥ ስለሆኑ መልቲስቴት ላይሰንስ ያለው ሰው መጥቶ መጀመር ይችላል፣ ኗሪ ስትሆኑ ግን ላይሰንሱን ወደ ቴክሳስ ማዞር ግድ ነው። ባለቤቴ እዛ እያለች ኢንተርቪው አድርጋ ነው የመጣችው። ሲዲኤል (የትራክ መንጃ ፈቃድ) ያለው ስራ አያጣም፣ ዳላስ የትራክና የዌርሃውስ መናኸሪያ ነው። ኤርፖርቱም ብዙ ሰው ይቀጥራል። አይቲ ፕሌኖና ኧርቪንግ አካባቢ ነው፣ እሱ ግን እንደሁሉም ቦታ አሁን ትንሽ ቀዝቀዝ ብሏል።

በሰአት የምትከፈሉ ግን ቆም ብላችሁ አስቡ። የሜሪላንድ ሚኒመም 15 ዶላር ነው፣ የቴክሳስ የፌደራሉ 7.25 ነው። በ7.25 የሚቀጥር ሰው እዚም ብዙም የለም፣ ግን እዛ 20 የሚከፈለው ስራ እዚ 15 ወይ 16 ሊሆን ይችላል። ፓርኪንግ የሚሰራ ሰው የዲሲን ቲፕ እዚ አልሞ ባይመጣ ጥሩ ነው። እዚ ፓርኪንጉ ነጻ ነው!

ያለ መኪና ይኖራል?

አይኖርም። ዳርት የሚባል ባቡር አለ፣ ጋርላንድም ሮውሌትም ይደርሳል፣ በኦሬንጅ ላይን ኤርፖርት ድረስ ትሄዳላችሁ፣ ግን ከቤት እስከ ጣቢያው በምን ትደርሳላችሁ? ባልና ሚስት ሁለት መኪና ያስፈልጋችኋል፣ ልጅ 16 ሲሞላው ሶስት። ቶልታግ በመጀመሪያው ቀን አውጡ፣ ያለሱ ጆርጅ ቡሽ ቶል መንገድ ላይ ወጥታችሁ ቢሉ በፖስታ ሲመጣ ዋጋው በጣም ይጨምራል፣ አድራሻ ቀይራችሁ ሳታዩት ከቆየ ደግሞ ቅጣቱ ሌላ ነው።

የቱ ሰፈር ይሻላል? ልጆች አሉን።

ሐበሻ በብዛት ያለው ጋርላንድ፣ ሪቻርድሰንና ሰሜን ምስራቅ ዳላስ ነው። አዲስ ቤት ፈላጊው ወደ ዋይሊ፣ ሮይስ ሲቲ፣ ፎርኒ፣ አና ወጥቷል። ሰው የማያውቀው ነገር የትምህርት ቤት ድንበርና የከተማ ድንበር አይገናኙም። ሮውሌትና ሳክሲ ብዙው ጋርላንድ አይኤስዲ (የትምህርት ቤት ዲስትሪክት) ነው፣ አድራሻው ዳላስ የሚል ቤት ሪቻርድሰን አይኤስዲ ሊሆን ይችላል። ጋርላንድ አይኤስዲ የሚለየው ወላጅ ትምህርት ቤት መምረጥ መቻሉ ነው፣ እኛም ልጃችንን ያስገባነው ሰፈራችን ያለው ውስጥ አይደለም።

የኔ ምክር መጀመሪያ አንድ አመት ተከራዩ ነው። ጋርላንድ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ከ1,400 እስከ 1,800 ባለው ታገኛላችሁ፣ ብዙ አፓርትመንት ስለተሰራ አንድ ወር ነጻ የሚሉም አሉ። ስራችሁ የት እንደሚሆን ሳታውቁ ቤት ገዝታችሁ በየቀኑ 635 ሃይዌይ ላይ እድሜያችሁን አትጨርሱ።

ሙቀቱና አየሩ እንዴት ነው?

ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ምድጃ ነው። በ2011 100 ፋራናይትና ከዛ በላይ የሆነበት 71 ቀን ተቆጥሯል። እዛ በክረምት ቤት ተዘግቶ እንደሚዋለው እዚ በበጋ ነው ተዘግቶ የሚዋለው። ኖቬምበርና አፕሪል ግን ግሩም ናቸው።

እኛ የመጣነው ጃንዋሪ 2021 ላይ ነው፣ ከበረዶ ተገላገልን ብለን አካፋውን ለጎረቤት ሰጥተን። ሶስት ሳምንት ሳይሞላን ያ የፌብሩወሪው ቅዝቃዜ መጣ። ከዜሮ ፋራናይት በታች 2 ወረደ፣ በሴልሺየስ ወደ 19 ከዜሮ በታች ማለት ነው፣ መብራት በስቴቱ ከአራት ሚሊየን በላይ ቤት ላይ ጠፋ። የቴክሳስ የመብራት መስመር ከሌላው አሜሪካ ተነጥሎ ለብቻው ስለሆነ ከጎረቤት ስቴት እንደልብ መበደር አይችልም። አፓርትመንት ውስጥ ካፖርት ለብሰን ጋቢ ተከናንበን ነው ያደርነው፣ ልጆቹ ካምፒንግ መስሏቸው ደስ ብሏቸው ነበር። ከዛ በኋላ ህግ ወጥቶ ጣቢያዎቹን ለቅዝቃዜ አዘጋጁ ተብሏል፣ እኔ ግን አሁንም ጋዝ ስቶቭና ብርድ ልብስ ሳልይዝ አልከርምም።

ከበረዶው ይልቅ የሚያስከፍለው በረዶ ግን ሌላው ነው፣ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደው። በጸደይ ወራት ጣራና መኪና ያወድማል፣ የቤት ኢንሹራንስ የተወደደው በዋናነት በሱ ነው። ፖሊሲያችሁ ላይ የንፋስና የበረዶ ዲዳክቲብል የሚለውን አንብቡ፣ 2 ፐርሰንት የሚለው የጉዳቱ 2 ፐርሰንት አይደለም፣ ቤቱ ኢንሹራንስ የተገባለት ዋጋ ነው። 400 ሺህ ላይ 8 ሺህ ከኪሳችሁ ማለት ነው። እኔ ይሄን የተማርኩት ጣራዬ ላይ ነው።

አፈሩም ጉድ ነው። ጥቁር ሸክላ፣ ልክ ሀገር ቤት እንደምናውቀው መረሬ አፈር፣ ሲረጥብ ያብጣል ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ከነቤቱ። ስለዚ እዚ ሰው በበጋ የቤቱን መሰረት ውሃ ያጠጣል። መጀመሪያ ጎረቤቴን አይቼ አበባ ሳይኖረው ግድግዳ ስር ውሃ የሚያፈሰው ምን ሆኖ ነው ብዬ ነበር። አሮጌ ቤት ስትገዙ ከተራው ኢንስፔክሽን ሌላ የፋውንዴሽን መሀንዲስ አምጡ፣ በር አልዘጋ ካለና ግድግዳ ላይ የደረጃ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ ካያችሁ ሳትጠይቁ ውጡ።

መብራት ኩባንያ ምረጡ ሲሉኝ ግራ ገባኝ

ብዙ ቦታ ሻጩን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ፣ ስቴቱ ፓወር ቱ ቹዝ የሚባል ማወዳደሪያ ዌብሳይት አለው። ዋጋው በወር 1,000 ኪሎዋት ሰአት ስትደርሱ ብቻ የሚረክስ ፕላን አለ፣ 990 ከሆነ ቅናሹ ቀረ፣ እሱን ተጠንቀቁ። ጋርላንድ ከሆናችሁ ብዙው ቦታ ምርጫ የለም፣ ከተማው የራሱ የመብራት ድርጅት አለው፣ ለኔ እፎይታ ነው።

እናቴን ይዤ ልመጣ ነው፣ ሜዲኬዷ ይቀጥላል?

አይቀጥልም፣ ሜዲኬድ በየስቴቱ ነው፣ እዚ እንደ አዲስ ነው የሚጠየቀው። ይሄን ጥያቄ ሰው ሁሌ መጨረሻ ላይ ነው የሚያነሳው፣ መጀመሪያ መሆን ሲገባው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሜዲኬድን አስፍተዋል፣ ቴክሳስ አላሰፋችም። ከ65 በታች የሆነ፣ ልጅ የማያሳድግ፣ ነፍሰ ጡርም ዲሴብልም ያልሆነ ጎልማሳ ገቢው የቱንም ያህል ቢያንስ እዚ ሜዲኬድ አያገኝም። እናትዎ ከ65 በላይ ከሆኑ ሌላ መንገድ ሊኖር ይችላል፣ ግን በግሪን ካርዳቸው አመትና በስራ ታሪክ ይወሰናል፣ እዛ ያለውን ሳትዘጉ እዚ የሚሰራ ሰው አማክሩ። የማውቃቸው እናት የስኳር መድሃኒታቸውን ከኪስ መክፈል ሲከብዳቸው ተመልሰው ሴት ልጃቸው ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ ገብተዋል። ቤቱ ርካሽ ነበር።

ላይሰንስና ታርጋ?

መኪናውን በ30 ቀን፣ ላይሰንሱን በ90 ቀን። የላይሰንስ ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ራቅ ያለ ስለሆነ ገና ሳትመጡ ኦንላይን ያዙት። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የመኪና ኢንስፔክሽን ቀርቷል፣ ዳላስና ዙሪያዋ ካውንቲዎች ግን የጭስ ምርመራ አሁንም አለ።

ሐበሻው፣ እንጀራው፣ ቤተክርስቲያኑስ?

ሁሉም አለ። ተዋህዶ፣ ጴንጤ፣ መስጊድ፣ ስጋ ቤት፣ በየሱቁ ትኩስ እንጀራ፣ እድርም እቁብም። የኢትዮጵያውያኑን የኳስ ውድድር ዳላስ ከአንዴም በላይ አስተናግዳለች። ልዩነቱ ተበታትኖ ነው ያለው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ዳውንታውን ላይ ቡና ጠጥቶ ሶስት ዘመድ አግኝቶ መመለስ የሚባል ነገር የለም። እዚ ሰው ለማግኘት ትደውላላችሁ፣ ትቀጣጠራላችሁ፣ 30 ደቂቃ ትነዳላችሁ። የመጀመሪያው አመት ባለቤቴን የከበዳት ሙቀቱ አልነበረም፣ ይሄ ነው።

አዲስ አበባ መሄጃው?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዳላስ አይነሳም። ወይ በዶሃና በዱባይ፣ ወይ ዱለስ ሄዳችሁ ከዛ። ሁለተኛውን ለየብቻ ትኬት የምትቆርጡ ከሆነ ለሀገር ውስጡ በረራ ሻንጣ እንደሚያስከፍል አትርሱ፣ የአክስት ስጦታ የያዘ ሻንጣ ደግሞ ሁሌም ከሚዛን በላይ ነው።

መጥቼ ልየው፣ መቼ ይሻላል?

ኦገስት። ሁሉም ሰው አፕሪል ላይ መጥቶ ሳሩን አረንጓዴ፣ አየሩን ልስልስ አድርጎ አይቶ ይሄዳል። ኦገስት ላይ ሳምንት ወስዳችሁ ኑ፣ መኪና ተከራዩ፣ ጠዋት 7 ሰዓት ተኩል ላይ ልትገዙ ካሰባችሁበት ሰፈር ተነስታችሁ ስራ ወዳለበት ንዱ፣ እሁድ ቤተክርስቲያን ደርሳችሁ የቆዩ ሰዎችን አናግሩ፣ ካውንቲው ዌብሳይት ላይ የሶስት ቤት አድራሻ አስገብታችሁ የአምናውን ታክስ እዩ፣ ማንም ሰው ማየት ይችላል። ማደሪያ ካስፈለገ የእንግዳ ክፍላችን አለ፣ ኤሲው ግን ከ76 በታች አይወርድም፣ ቢሉን እኔ ነኝ የምከፍለው።